መልክዐ ምድርን በየሰዓቱና በየወራቱ ብርሃን ስለ መሣል

አገሩ ምን እንደሚመስል የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ተራራውን፣ ወንዙንና ሜዳውን በመቍጠር ነው። ነገር ግን ያው ተራራ በመስከረም ጧትና በመጋቢት ቀትር አንድ መልክ እንደሌለው፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ወይን ጠጅ መስሎ የታየው ገደል በ5 ሰዓት ዐመድ መስሎ እንደሚገኝ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ነገር አይመረምርም፤ «ሣር አረንጓዴ ነው፤ ሰማይ ሰማያዊ ነው» ብሎ አስቀድሞ የወሰነውን ይደግማል እንጂ። ሠዓሊ ግን እንጀራው በዚሁ ምርመራ ላይ የቆመ ነውና እያንዳንዱን ሰዓት እንደ አዲስ ነገር ይመለከታል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ሥራ፣ ይልቁንም አክሪሊክ በሚባለው ቀለም ስለሚሠራው የመልክዐ ምድር ሥዕል ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ አንድ ጕዳይ ስላለ አስቀድሜ እርሱን ልናገር። በ2011 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት በእንግዳ መቀበያ አዳራሹ የሚሰቀል፣ የአገር መልክ ያለበት ሥዕል ለማሠራት አስቦ አንድ ሠዓሊ አዘዘ። ሥዕሉ በመጣ ጊዜ አይተው አስተያየት እንዲሰጡ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። የተሣለው የሱሉልታ ሜዳ ነው፤ ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም። ሣሩ ታጭዶ ካለቀ ቈይቷል፤ መሬቱ ቡላ መልክ አለው፤ በስተኋላ ያሉት ተራሮች በአቧራና በጢስ ተሸፍነው በጭንቅ ይታያሉ፤ በመካከሉ ከብት ሲበላው የከረመ የድርቆሽ ክምር ትራፊ ቆሟል፤ የክምሩም ጥላ ሰማያዊ ነው። ከመካከላችን አንዱ «አገራችንን ድርቅ የመታት አስመሰላት» አለ። ሁለተኛው «አደይ አበባ ቢጨምርበት ምን ነበረበት?» ሲል ጠየቀ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «ጥላ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናልን?» ብዬ ከነቃፊዎቹ ጋራ ተባበርሁ። ሥዕሉ ለባለቤቱ ተመለሰ። በምትኩም ከገበያ የተገዛ የታተመ ሥዕል ተሰቀለ፤ በረዶ የለበሰ ተራራና ከሥሩ ሐይቅ ያለበት ነው። የማን አገር እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሠዓሊው አልተቈጣም፤ ተቈጥቶም እንደሆነ አላሳየኝም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኝተን ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ በዕድሜ ታናሼ ነውና በትሕትና «ጋሼ፣ ጥላ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አንድ ቀን አብረን ሄደን ብናይ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እምቢ ለማለት አፈርሁ። ከዚያም ወዲህ በዚያ ዓመት ውስጥ በልዩ ልዩ ወራት ከርሱ ጋራ እየሄድሁ ሲሠራ ተመልክቻለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ከዚያ ያየሁትንና ስለዚሁ ነገር ካነበብሁት ያገኘሁትን ነው። የውጭ አገር ታሪክ ሲነሣ ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ እንዳይሳሳት።

የጥላውን ነገር ልቅደም። በጥላ ውስጥ ያለ ቦታ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ አያገኘውም እንጂ ብርሃን ጨርሶ አጥቶ አይደለም። ከላይ ከሰማዩ ጕልላት ሁሉ ብርሃን ይወርድበታል፤ ያም ብርሃን ሰማያዊ ነው። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆንበትን ምክንያት ሎርድ ሬሊ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1871 በስሌት አስረድቷል። የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ክፍል ከቀዩ ይልቅ እጅግ ይበተናልና፣ የተበተነው ሰማያዊ ከየአቅጣጫው ወደ ዓይናችን ይመጣል። ፀሐይ ወደ አድማስ ስትወርድ ደግሞ ብርሃኗ የሚያልፈው አየር ስለሚበዛ ሰማያዊው በመንገድ ላይ ተበትኖ ያልቅና የሚደርሰን ብጫውና ቀዩ ይሆናል። ስለዚህ በማለዳና በማታ ብርሃኑ ወርቅማ፣ ጥላው ሰማያዊ መሆኑ የሠዓሊ ፈጠራ አይደለም። ሩቅ ተራራም ሰማያዊ መስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ምክንያቱ በስሌት ሳይታወቅ ከብዙ ዘመን በፊት በዓይኑ ብቻ አስተውሎ ለሠዓሊዎች ጽፎታል። የኔ ዓይን ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥላን ጥቍር እያለ ኖሯል።

የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ይህን አላወቁም ማለት ስሕተት ነው፤ አልፈለጉትም ማለት ይሻላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ብርሃን ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ አይመጣም፤ ቅዱሱ በመሬት ላይ ጥላ አይጥልም፤ ከበስተኋላው ያለው ብጫ ወይም ቀይ መደብ የማለዳ ወይም የማታ ሰማይ አይደለም። የሚታየው ነገር ከሰዓትና ከወራት ውጭ ስለሆነ ሰዓት የሚያመለክት ጥላ አያስፈልገውም። ሰዓትና ወራት ያለበት የመልክዐ ምድር ሥዕል ሌላ ሥራ ነው። በአገራችን ይህ ዓይነቱ ሥራ በትምህርት የተስፋፋው አለ ፈለገ ሰላም ከአሜሪካ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ግድም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። ቀለም ሁሉ ከሁለት ነገር ይገኛል፤ አንዱ ኅብሩን የሚሰጠው ዱቄት ነው፣ ሁለተኛው ዱቄቱን ከሸራው ጋራ የሚያጣብቀው ነገር ነው። የዘይት ቀለም ማጣበቂያው የተልባ ዘይት ነው፤ የውሃ ቀለም ማጣበቂያው የግራር ሙጫ ነው፤ በጥንት ጊዜ በእንጨት ላይ ለሚሣሉ ሥዕሎች የዕንቍላል አስኳል ይገባ ነበር። ዱቄቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነውና የሚለያያቸው ማጣበቂያው ነው። አክሪሊክ በሰው ጥበብ የተገኘ፣ ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ማጣበቂያ ነው። ኦቶ ሬም የሚባል ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ስለዚህ ነገር ያጠናውን የዶክተርነት ጽሑፍ በ1901 አቀረበ፤ ሠዓሊዎች ግን ጥቅሙን ያገኙት ከዚያ ብዙ ቈይቶ ነው። በውሃ የሚቀጥነው የአክሪሊክ ቀለም ሊኪቴክስ በሚል ስም በአሜሪካ ለሠዓሊዎች የቀረበው በ1955 ነበር።

ማጣበቂያው በውሃ ውስጥ እጅግ ደቂቅ ሆኖ፣ ወተት መስሎ ተበትኖ ይኖራል። ውሃው በተነነ ጊዜ ደቂቃኑ ተጠጋግተው ይዋሐዱና አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይመልሰውም። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ሲፈጅ፣ በስሱ የተቀባ አክሪሊክ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። በኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስና በበጋ ወራት ደረቅ ስለሆነ፣ ነፋስም ሲጨመርበት፣ ከዚያም ይፈጥናል። ሠዓሊው ቀለሙን የሚደባልቀው በእርጥብ ጨርቅ ላይ በተነጠፈ ወረቀት ላይ ነው፤ ያለዚያ ብሩሹን አጥቦ ሳይመለስ የደባለቀው ይደርቅበታል። ሌላም ችግር አለ። ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ ነጣ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይጠራል፤ ስለዚህ የተቀባው ቀለም ሲደርቅ ጥቂት ይጠቍራል። ጀማሪ ሰማዩን ልክ አድርጎ ቀባሁ ብሎ ዘወር ሲል ሰማዩ ጠቍሮ ይቈየዋል። የለመደ ሰው ግን የሚደርቅበትን አስቦ ጥቂት አንጥቶ ይቀባል።

ይህ ፍጥነት ጕዳት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በተለይ የዘይት ቀለም የለመዱ ሠዓሊዎች ደመናን ከሰማይ ጋራ ቀስ አድርጎ ማዋሐድ አያስችልም ብለው ይነቅፉታል። እውነት አላቸው። ነገር ግን ነገሩን በፀሐይ አካሄድ ስንመዝነው ለኛ አገር ሌላ ፍርድ የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ምክንያቱንም ላስረዳ።

ክሎድ ሞኔ የሚባለው የታወቀ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1890 እና በ1891 ዢቬርኒ በምትባል መንደር በቤቱ አጠገብ የቆመውን የስንዴ ክምር 25 ያህል ጊዜ ሥሎታል። ብርሃኑ በተለወጠ ቍጥር አንዱን ሸራ አኑሮ ሌላውን ያነሣል፤ በማግስቱ ያው ብርሃን ሲመለስ ያንኑ ሸራ ይቀጥላል። ክምሩ አንድ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን አንዱ የበጋ ማታ፣ ሁለተኛው የበረዶ ጧት፣ ሦስተኛው የጉም ቀን ናቸው። በ1891 ደግሞ በወንዝ ዳር የተሰለፉ ረጃጅም ዛፎች ሲሥል ሳለ ዛፎቹ ሊሸጡና ሊቈረጡ ሆነ፤ እርሱም ከእንጨት ነጋዴው ጋራ ተስማምቶ ሥዕሉን እስኪጨርስ ድረስ እንዲቈዩለት ገንዘብ ከፈለ። የኛ ሠዓሊዎች በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ላይ እንዲህ እናድርግ ቢሉ ማን ያበድራቸው ይሆን?

ሞኔ የሠራባት መንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 49 ዲግሪ ርቃ ትገኛለች። በታኅሣሥ ወር በዚያ አገር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ 17 ዲግሪ ያህል ብቻ ትነሣለች። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ የጧት ወይም የማታ ብርሃን ይመስላል፤ ጥላው ረጅም ነው፤ ኅብሩ ወርቅማ ነው፤ ሠዓሊው ተረጋግቶ ይሠራል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች። ያን 17 ዲግሪ በታኅሣሥ ወር እንኳ በአንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ታልፈዋለች። በፈረንሳይ ክረምት ቀኑን ሙሉ የሚቈየው ብርሃን ለኛ ሠዓሊ የተሰጠው ጧት ለጥቂት ጊዜ፣ ማታም ለጥቂት ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ በሰዓት ውስጥ የሚያልፍን ብርሃን በሰዓት ውስጥ በሚደርቅ ቀለም መያዝ ተገቢ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ የቀባው ሲደርቅለት ወዲያው በላዩ ሁለተኛውን ይደርባል፤ በአንድ ጧት ሦስት አራት ንብር ያኖራል። ይህ በዘይት ቀለም የብዙ ቀን ሥራ ነው።

የፀሐይ አካሄድ ከተነሣ፣ ለካህናት አንባቢዎቼ የማይታክት አንድ ነገር ልጨምር። አባቶቻችን የራሳቸውን ጥላ በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ እንደነበረ፣ ልኩም ከወር ወር እንደሚለያይ የታወቀ ነው። ሠዓሊውም ሳያውቀው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። በሁለቱ መለወጫ ሰሞን በቀትር የቆመ ሰው ጥላውን ከእግሩ ሥር አያጣውም እንጂ ሲርቅ አያየውም። ሠዓሊው «በዚያ ሰዓት ምንም አልሥልም፤ ዛፉም ቤቱም ሰውም ጠፍጣፋ ይሆንብኛል» ይላል። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ምሳውን ይበላል፣ ይተኛል።

ሲሠራ እንደተመለከትሁት፣ ነጩን ሸራ እንዳለ አይጀምርም። ነጭ ዓይንን ያታልላል ብሎ በቤቱ ሳለ ቀላ ባለ የዐፈር ቀለም በስሱ ቀብቶ ያመጣዋል። ከዚያም አስቀድሞ የጥላዎቹን ቅርጽ ብቻ በአንድ ጊዜ ይወስናል። ከወሰነ በኋላ ፀሐይ ብትሄድም ጥላውን ተከትሎ አይለውጥም። «ጥላ የሚከተል ሠዓሊ እስከ ማታ ሁለት ፀሐይ ያለበት ሥዕል ይሠራል» አለኝ። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብርሃንና ጨለማን ይለያል፤ ለጥላ ጥቍር ቀለም ከቱቦ አያወጣም፣ ከሰማያዊና ከተቃጠለ ዐፈር ቀለም ያደባልቃል እንጂ። ትንንሽ ሰሌዳዎች ሦስት ይይዛል፤ አንዱ ለጧት፣ ሁለተኛው ከ9 ሰዓት በኋላ ላለው፣ ሦስተኛው ለደመና ቀን።

በዘመን ቈጠራችን ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26፣ መፀው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 ይጀምራሉ። የሱሉልታ ሜዳ ይህን አከፋፈል በመልኩ ያሳያል ማለት ይቻላል፤ የዕለቱ ልክ ከዓመት ዓመት ቢለያይም። በክረምት ውሃ በሜዳው ላይ ተኝቶ ሰማዩን ይመልሳል። ፀሐይ በደመና ስለተሸፈነች ጥላ የለም፤ ነገር ግን ኅብሩ ሁሉ ይጠልቃል፣ የእርጥብ ግንድ ቡናማ እንኳ ያበራል። የክረምት አስቸጋሪው አረንጓዴ ነው። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ የትም አገር ሣር አይመስልም፤ ስለዚህ ሠዓሊው ከሰማያዊና ከብጫ ዐፈር ቀለም እየደባለቀ በየስፍራው ጥቂት ቀይ ይጨምርበታል። አክሪሊክም በዚህ ወራት ጠባዩን ይለውጣል፤ አየሩ እርጥበት ስላለው ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ለደመና ማዋሐጃ የተመኙት ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን ሳይደርቅ ዝናብ ከመጣ ሁሉንም ያጥበዋል። አንድ የነሐሴ ቀን ግማሽ ሰማይ በሠዓሊው ጫማ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ፤ እርሱ ሳቀ፣ እኔ ግን አዘንሁ።

መስከረም ሲጠባ አየሩ በዝናብ ታጥቧልና ሩቁ ቅርብ ይሆናል። ከእንጦጦ ጫፍ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ዝቋላን እንደ ተቀረጸ ያየዋል፤ በመጋቢት ግን ያው ተራራ በጉምና በአቧራ ይጠፋል። ሠዓሊ ርቀትን የሚያሳየው ሩቁን እያነጣና እያሰመየ ስለሆነ፣ በመስከረም ያ ዘዴው ይነሣበታል። አደዩንም ሰው ሁሉ ስለሚወደው ብዙ ሠዓሊ ሜዳውን በብጫ ይሞላዋል። ይህ ሠዓሊ ግን አበባውን መጨረሻ ላይ፣ ወፍራም ቀለም በብሩሽ ጫፍ ነክቶ በጥቂት ስፍራ ብቻ ያኖረዋል፤ ከሩቅ ሲታይ ሜዳው ሁሉ ያበበ ይመስላል።

በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ይህን ጊዜ ነው። አዲሱ ክምር ገና አረንጓዴነት አለው፤ ሳምንታት ሲያልፉ ወርቅ ይመስላል፤ ከዚያም ውጭው ይገረጣና ከብት የመዘዘበት ጐኑ ብቻ ብጫ ሆኖ ይቀራል። በጧት ብርሃን አንዱ ጐኑ ብርቱካን፣ ሌላው ጐኑ ወይን ጠጅ ይሆናል። በታኅሣሥ ግን ውርጭ አለ፤ ቀለሙም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ደቂቃኑ በሚገባ አይዋሐዱምና ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይም ይረግፋል። የማለዳውን ውርጭ ለመሣል የወጣ ሰው ቀለሙ ራሱ ውርጩን አይወድም። ስለዚህ በዚያ ወር ሠዓሊው በሜዳ ላይ በእርሳስ ይነድፋል፣ የየስፍራውን ኅብር በጽሑፍ ያስታውሳል፤ ቤት ሲገባ ይቀባል።

የዚህን ቀለም ነውር ሁሉ አልደበቅሁም፤ አንድ ልጨምር። የደረቀው ቆዳ በሙቀት ይለሰልሳልና አቧራ ይይዛል፤ ሁለት ሥዕል ፊት ለፊት ተጣብቀው የተቀመጡ እንደሆነ ሲለያዩ ይላላጣሉ። እንደኛ አቧራ በበዛበት ከተማ መቀባት ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለ ብሩሹም የደረሰበት ያውቀዋል፤ ቀለም እንደያዘ የተረሳ ብሩሽ ሁለተኛ ብሩሽ አይሆንም።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ያ ሥዕል በተሠራበት ስፍራ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቆምን። የድርቆሽ ክምር ትራፊ በዚያ ነበረ። መሬቱ ገርጥቶ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ተራሮቹ በጭንቅ ይታያሉ። ሠዓሊው ሸራውን ሲያቆም እኔ ወደ ክምሩ ተጠግቼ ጥላውን ተመለከትሁ። ብዙ ቈየሁ። በብጫው መሬት አጠገብ ስለሆነም ሰማያዊነቱ ይጐላ ነበር፤ ነገር ግን ባይጐላም ሰማያዊ ነው። ተመልሼ ነገርሁት፤ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ ምንም አላለም።

ቀጥዬም ያን የተመለሰውን ሥዕል እኔ ልግዛው ብዬ ጠየቅሁት። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጥቂት ዝም አለና፣ ሸራ ውድ ስለሆነበት በዚያው ሰሞን በላዩ ነጭ ቀብቶ መስከረምን እንደሣለበት፣ እርሱም ወዲያው እንደተሸጠ ነገረኝ። «አደዩ ወፍራም አልነበረም፤ መጋቢቱ ከሥሩ አለ» አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ብርሃኑ ከመለወጡ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር።